የብራዚል አንጋፋ ሙዚቀኞች በሰማንያ ዓመታቸው፦ የልደት በዓል፣ ስንብት ወይስ ዘግይቶ የመጣ ክብር?

ጥያቄ፦ ከ«ዜማ ወዳድ»

ሰላም ለቤቱ። የብራዚልን ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም በቅርብ ዓመታት የማየው አንድ ነገር ሲያመራምረኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1942 የተወለዱት ዢልቤርቶ ዢል፣ ካኤታኖ ቬሎሶ፣ ሚልተን ናሲሜንቶ እና ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ በ2022 አራቱም ሰማንያ ዓመት ሲደፍኑ፣ አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ ልደት ስታከብር የከረመች ትመስል ነበር። ካኤታኖ በልደቱ ዕለት፣ ኦገስት 7 ቀን፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከእህቱ ከማሪያ ቤታኒያና ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። ሚልተን በዚያው ዓመት የስንብት ጉዞ አድርጎ፣ ኖቬምበር 13 ቀን በቤሎ ኦሪዞንቴ በሚገኘው የሚኔይራው ስታዲየም ደመደመው። ዢል ደግሞ በማርች 2025፣ በተወለደባት በሳልቫዶር ከተማ፣ የራሱን የስንብት ጉዞ ጀመረ።

በሌሎች አገሮችም ያረጁ ሙዚቀኞች የስንብት ጉዞ እንደሚያደርጉ፣ አንዳንዶቹም ደጋግመው እንደሚሰናበቱ አውቃለሁ። በብራዚል የማየው ግን ለየት ያለ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ አርቲስቱን የሚያከብረው ድሮ ስለሠራቸው ዘፈኖች ብቻ ሳይሆን እዚህ ዕድሜ ላይ በመድረሱም ጭምር ነው። እንግዲህ የማወቅ ፍላጎቴ ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ነው፤ ሥር ያለው ባህል ነው ወይስ የትኬት ሻጮች ብልሃት? በተጨማሪም፣ በአንድ ዕድሜ ላይ ካሉት አርቲስቶች አንዱ መድረክን ሲሰናበት ሌላው የሚቀጥልበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ባለ ካቫኪኞ»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምላሹን ከትላልቅ ስታዲየሞች መፈለግ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ሥሩ ያለው በሪዮ «የሳምባ ትምህርት ቤቶች» ውስጥ ነው፤ ስማቸው ትምህርት ቤት ይባል እንጂ በካርኒቫል የሚሰለፉ የሙዚቃና የጭፈራ ማኅበራት ናቸው። በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ «ቬሊያ ጓርዳ» የሚባል የአረጋውያን ክፍል አለ። አባላቱ ማኅበሩን የመሠረቱ፣ ዜማ ሲደርሱ፣ ከበሮ ሲመቱና ሲጨፍሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ በካርኒቫል ሰልፍ ላይ ወጣቱ በላባና በአብረቅራቂ ልብስ አጊጦ ሲዘል፣ እነሱ የማኅበራቸውን ቀለም የያዘ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ፖርቴላ የተባለው ማኅበር አዛውንቶች በሰማያዊና ነጭ፣ ማንጌራ የተባለው ማኅበር ደግሞ በአረንጓዴና ሮዝ ሲያልፉ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ ያጨበጭባል። በዚያ ዓለም ማርጀት ከመድረክ የሚያስወርድ ጉዳይ ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ ማዕረጉም የራሱ ልብስና ቦታ፣ የራሱም ዘፈን አለው።

እርስዎ ከጠቀሷቸው አራት ሰዎች መካከል ለዚህ ነገር ቁልፉ ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጋዜጦቹ ስለ እሱ ከሌሎቹ ያነሰ መጻፋቸውም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፓውሊኞ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1970፣ የፖርቴላን አዛውንት ዜማ ደራሲዎች አሰባስቦ ሥራዎቻቸው በሸክላ እንዲቀረጹ አደረገ። ብዙዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ዘፈን ሲደርሱ ኖረው የራሳቸውን ድምፅ በሸክላ ሰምተው የማያውቁ፣ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። የፖርቴላ ቬሊያ ጓርዳ ራሱን ችሎ በመድረክ የሚጫወት ቡድን ሆኖ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ የነበረው ሞናርኮ በዲሴምበር 2021 በ88 ዓመቱ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ሲዘፍን ኖሯል።

ወደ ኋላ ትንሽ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ክር እናገኛለን። ወጣቱ ፓውሊኞ የባንክ ሠራተኛ ሳለ፣ አዛውንቱ የሳምባ ደራሲ ካርቶላና ባለቤቱ ዶና ዚካ በ1963 በሪዮ መሃል ከተማ በከፈቱት ዚካርቶላ በተባለው ምግብ ቤት ይጫወት ነበር፤ ለሙዚቃው የመጀመሪያውን ክፍያ የሰጠውም ካርቶላ ራሱ ነው። አዛውንቱ ለወጣቱ ከፈለ፣ ወጣቱ ለአዛውንቶቹ ሸክላ አሠራላቸው፣ ያ ወጣት ዛሬ ራሱ አዛውንት ሆኖ ይከበራል። ስታዲየሞቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ልማድ አለ። የሳምባ ትምህርት ቤቶች አንዳንዴ የዓመቱን ሰልፋቸውን በአንድ በሕይወት ባለ ሙዚቀኛ ታሪክ ላይ ያዘጋጃሉ፤ ባለታሪኩም ራሱ በሰልፉ ውስጥ ያልፋል። ማንጌራ በ2016 በማሪያ ቤታኒያ ሕይወት ላይ በሠራው ሰልፍ የካርኒቫሉ አሸናፊ ሆኗል፤ ሞሲዳዴ በ2020 ኤልዛ ሶአሬስን፣ ቪላ ኢዛቤል በ2022 ማርቲኞ ዳ ቪላን፣ ፖርቴላ በ2025 ሚልተን ናሲሜንቶን አክብረዋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ በዘፈን እየተቀባበለ በፊቱ ሲያልፍ ማየት፣ ከየትኛውም ሽልማት የሚበልጥ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከ«የማታ አድማጭ»

«ባለ ካቫኪኞ» የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሥዕሉን ግን በጣም አሳምረውታል ብዬ እሰጋለሁ። ካርቶላ ለወጣቱ የከፈለበትን ታሪክ ሲነግሩን፣ ካርቶላ ራሱ ከዚያ በፊት የት እንደነበረ አልነገሩንም። ማንጌራን በ1928 ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ይህ ሰው፣ በ1930ዎቹ ዘፈኖቹን ታዋቂ ድምፃውያን እየገዙ የሚዘፍኑለት ደራሲ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሙዚቃው ዓለም ጠፍቶ ብዙዎች ሞቷል ብለው አስበው ነበር፤ ሰርዢዮ ፖርቶ የተባለው ጋዜጠኛ በ1950ዎቹ ኢፓኔማ ሰፈር ውስጥ ያገኘው መኪና ሲያጥብ ነው። በራሱ ስም ሙሉ አልበም ያወጣው በ1974፣ በ65 ዓመቱ ነበር፤ በ1980 አረፈ። ስለዚህ የካርቶላ «የእርጅና ክብር» የምንለው ነገር፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ደመወዝ ነው።

ሴቶቹ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ድምፃዊቷ ክሌሜንቲና ዴ ዤዙስ ለረጅም ዓመታት በሰው ቤት በሠራተኛነት ኖራ፣ የሙዚቃ አዘጋጁ ኤርሚኒዮ ቤሎ ዴ ካርቫሊዮ መድረክ ላይ ሲያወጣት ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ድምፅዋ ጥቁር ብራዚላውያን ከባርነት ዘመን ይዘዋቸው የመጡትን ዜማዎች ያህል የጠለቀ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ግን የሰማው የጎረቤትና የአምልኮ ጉባኤ ብቻ ነው። ዶና ኢቮኒ ላራ ደግሞ ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሆና በአእምሮ ሕክምና ተቋም፣ ከታዋቂዋ ሐኪም ከኒዚ ዳ ሲልቬይራ ጋር ሠርታለች። ሴት ሳምባ ትደርሳለች ብሎ የሚቀበል ስላልነበረ፣ በወጣትነቷ የደረሰቻቸውን ዘፈኖች የአክስቷ ልጅ የራሱ አስመስሎ ያቀርብላት ነበር። በ1965 ኢምፔሪዮ ሴራኖ በተባለው የሳምባ ትምህርት ቤት የዜማ ደራሲዎች ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች፤ ሙሉ ጊዜዋን ለሙዚቃ የሰጠችው ግን በ1977 ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። የመጀመሪያ የራሷ አልበም የወጣው በዓመቱ ነው። ሰው ከሥራ ጡረታ ወጥቶ ሙዚቃ ሲጀምር፣ «ዕድሜ ልክ የዘለቀ የሙዚቃ ሕይወት» ብሎ ማክበር ትንሽ ያሳፍራል።

ይህ የሳምባ ሰዎች ዕጣ ብቻ አልነበረም። አላይዴ ኮስታ ቦሳ ኖቫ የተባለው የሙዚቃ ስልት ሲወለድ እዚያው የነበረች ጥቁር ድምፃዊት ናት፤ ስልቱ በዓለም ሲናኝ ግን ስሟ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ቀረ። በ2022፣ በ86 ዓመቷ፣ ራፐሩ ኤሚሲዳ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነበትን አልበም ካወጣች ወዲህ ነው ጋዜጦቹ እንደ አዲስ ግኝት የሚጽፉላት። ኔልሰን ካቫኪኞ ከጊዬርሜ ዴ ብሪቶ ጋር በደረሰው አንድ ሳምባ ይህንን ነገር ቀድሞ ተናግሮታል፤ ስሞት ብዙ ሰው እንደሚያለቅስልኝ አውቃለሁና አበባ የሚሰጠኝ ካለ ዛሬ ይስጠኝ የሚል ነው መልእክቱ። ብራዚላውያን ይህን ዘፈን በቃላቸው ያውቁታል። የልደት ድግሶቹ ዘፈኑን የሰሙ ሰዎች የሚከፍሉት ዕዳ እንደሆኑ ብናስብ ይቀላል። ጃካሬፓጓ በሚባለው የሪዮ አካባቢ ከ1918 ጀምሮ ለአረጋውያን አርቲስቶች መጠለያ የሆነ ተቋም መኖሩም የሚነግረን፣ ከመድረኩ ጀርባ ሌላ ዓይነት እርጅና እንዳለ ነው።

ከ«ዜማ ወዳድ»

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «የማታ አድማጭ» ያነሱት ነጥብ እኔ ካሰብኩት አቅጣጫ የተለየ ስለሆነ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ዢል፣ ካኤታኖና ቤታኒያ ከሃያዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ዝነኞች ነበሩ፤ የእነሱ በዓል ዕዳ መክፈል ሊባል ይችላል? ለሁለተኛው ጥያቄዬም፣ ማለትም ስለሚሰናበቱትና ስለማይሰናበቱት፣ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

መልስ፦ ከ«ቀይ ሸክላ»

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ በአጭሩ፦ ለእነሱም ዕዳ አለ፤ ዕዳው ግን የገንዘብና የዝና አይደለም። ዢልና ካኤታኖ በዲሴምበር 1968 በወታደራዊው መንግሥት ታስረው፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ለንደን ተሰደው፣ እስከ 1972 እዚያ ቆይተዋል። በ1973 ዢልና ሺኮ ቡዋርኬ ሳንሱር የከለከለውን ዘፈን መድረክ ላይ ሲጀምሩ ማይክሮፎናቸው እንዲዘጋ ተደርጓል። በዚያ ዘመን ሃያና ሠላሳ ዓመት የነበረው ታዳሚ ዛሬ አብሯቸው አርጅቷል፤ ስታዲየም ሞልቶ ሲዘፍን አብሮ ያለፈውን ያስባል። ያው ታስሮ የነበረው ዢል ከ2003 እስከ 2008 የባህል ሚኒስትር ሆኖ ማገልገሉና በ2021 ለብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባልነት መመረጡ ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል።

ስለ ስንብቱ ደግሞ ዋናው ምክንያት አካል ነው ብዬ አስባለሁ። ሚልተን በስንብት ጉዞው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚዘፍነው፤ ያ ድሮ ወደ ሰማይ ይወጣ የነበረ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ የሚያነሳው ሲያስፈልገው ሕዝቡ እየተቀበለለት ነበር። ሆኖም መድረክን እንጂ ሙዚቃን እንደማይሰናበት ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጓል፤ እንዳለውም በ2024 ከአሜሪካዊቷ ባሲስት ከኤስፔራንዛ ስፖልዲንግ ጋር አልበም አውጥቷል። ዢልም የሚተወው ትላልቅና ረጃጅም ጉዞዎችን ነው። ከከተማ ከተማ መብረር፣ በሆቴል ማደር፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በጊታር መቆም በሰማንያ ዓመት የሚያደክመው ከዘፈኑ ይልቅ ነው። የትኬት ገበያው «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል እንደሚወደው አልክድም፤ ሰዎቹ ግን ድካማቸውን ፈጥረው አላመጡትም።

በሌላ በኩል አካላቸው እየከዳቸው እንኳ ያልተሰናበቱ አሉ። የሳምባ የክርስትና እናት ትባል የነበረችው ድምፃዊት ቤት ካርቫሊዮ የጀርባ አጥንት ሕመም ለዓመታት ሲያሠቃያት ኖሮ መቀመጥ እንኳ ሲሳናት፣ በ2018 በሪዮ መድረክ ላይ አልጋ አስገብታ፣ ተጋድማ ሙሉ ዝግጅቷን ዘፈነች። ከጎኗ የነበሩት፣ ከአርባ ዓመት በፊት እሷ ለሕዝብ ያስተዋወቀቻቸው የፉንዶ ዴ ኪንታል የሳምባ ቡድን ተጫዋቾች ናቸው። የዚያን ምሽት ምስል የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ነው፤ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ግን ዓይኑ በማይክሮፎኑ አጠገብ ያለውን ፊቷን ብቻ ይከተላል፤ ትስቃለች፣ ተጫዋቾቹን በእጇ ምልክት ታዛለች፣ ታዳሚውን ታስዘፍናለች። በኤፕሪል 2019 አረፈች።

ኤልዛ ሶአሬስም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። በ2015፣ በ85 ዓመቷ፣ ከሳን ፓውሎ ወጣት ሙዚቀኞች ጋር ሙሉ በሙሉ በአዳዲስ ዘፈኖች የተሠራ አልበም አወጣች፤ አልበሙም ስለ ጥቁር ሴቶችና ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ፊት ለፊት የሚናገር ነበር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቆም ስለተሳናት እንደ ዙፋን በተሠራ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓለምን ዞረች። በጃንዋሪ 2022 በሳን ፓውሎ ማዘጋጃ ቤት ቲያትር ለሁለት ቀን ተቀርጻ፣ ቀረጻው ካበቃ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ20ኛው ቀን፣ በ91 ዓመቷ ሞተች። እሷን «ለምን አትሰናበቺም» ብሎ መጠየቅ ለማንም አይመችም ነበር።

መልስ፦ ከ«ባለ ካቫኪኞ»

«የማታ አድማጭ» ሥዕሉን አሳምረኸዋል ያሉኝን እቀበላለሁ ብል ክርክራችን ያልቅ ነበር፤ ግን አልቀበልም። ካርቶላን፣ ክሌሜንቲናንና ኢቮኒ ላራን የረሳቸው የሸክላ ኩባንያውና ሬዲዮው ነው። በየሰፈራቸው አንድም ቀን አልተረሱም፤ ዘፈናቸው በየጓሮው ይዘፈን፣ ስማቸው በአክብሮት ይጠራ ነበር። እንዲያውም ኋላ ላይ ጋዜጠኛውና አዘጋጁ ሊያገኟቸው የቻሉት ያ ማኅበረሰብ ጠብቆ ስላቆያቸው ነው።

ከ«የማታ አድማጭ»

ክብሩ በሰፈር እንደነበረ አልካድኩም። ክብር ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ መኪና የሚያጥበው ሰው ማንጌራ ላይ ንጉሥ መሆኑ እጁን ከውሃው አላወጣለትም። በዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማየት እወዳለሁ፤ ዢል በስንብት ጉዞው ላይ ልጆቹ ቤምና ዦዜ የሙዚቃ ዝግጅቱን መርተውለታል፤ ማለትም ቤተሰቡ በሙያው ውስጥ የሚኖርበት አቅም ተፈጥሯል። የክሌሜንቲና ትውልድ ለልጆቹ ያን ማውረስ አልቻለም። ሁለቱን በአንድ «አንጋፋ» በሚል ስም ስንጠራቸው ልዩነቱ ይጠፋብናል።

መልስ፦ ከ«ቀይ ሸክላ»

ቤተሰቡን ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በኤፕሪል 2025 ሳን ፓውሎ ላይ፣ ዢል በካንሰር ሕመም ላይ የነበረችውን ሴት ልጁን ፕሬታ ዢልን ወደ መድረክ ጠርቶ፣ ከእናቷ ከሳንድራ ጋር ትዳራቸው ሲፈርስ ለሳንድራ የጻፈውን ዘፈን አብረው ዘፈኑ። አባት ጊታሩን ይዞ፣ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ስለ ወላጆቿ ፍቅርና መለያየት የተጻፈውን ግጥም እሷ ራሷ ስትዘፍነው ታዳሚው አለቀሰ። ፕሬታ በጁላይ 20 ቀን በ50 ዓመቷ አረፈች፤ አባቷም ከሐዘኑ በኋላ ጉዞውን ቀጠለ። ይህ የስንብት ጉዞ ገና ሲታቀድ ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

ከ«ዜማ ወዳድ»

በጣም አመሰግናለሁ። ካስቸገርኩ ይቅርታ፤ በዕድሜያቸው መጨረሻ የሠሯቸውን ሥራዎች ብቻ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው ከየት መጀመር ይሻላል?

መልስ፦ ከ«የማታ አድማጭ»

ከካርቶላ የ1976ቱ አልበም ይጀምሩ፤ ሽፋኑ ላይ እሱና ዶና ዚካ በመስኮት ብቅ ብለው የሚታዩበት ነው። ሰውየው በዚያ ጊዜ 67 ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ደረቅ ያለ፣ አንዳችም የማያጋንን፣ የሚያሳዝነውን ነገር እንደ ተራ ወሬ የሚናገር ነው። ቀጥለው የኤልዛን የ2015 አልበም ይስሙ፤ ከመጀመሪያው የራቀ በመሆኑ ግራ ሊያጋባዎት ይችላልና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይስሙት። የአላይዴ ኮስታን የ2022 ሥራ ግን ማታ፣ ድምፅ ሳያበዙ ይስሙት፤ ቃላቱን የምትለቅበት ዝግታ ቀን ላይ ያመልጣል።

መልስ፦ ከ«ባለ ካቫኪኞ»

በእነዚህ ላይ የፖርቴላን አዛውንቶች የ1970 ሸክላ ይጨምሩ። ብራዚላዊውን ሙዚቀኛ ቶም ዜን ለሚወዱ ደግሞ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተረስቶ ወደ ትውልድ ከተማው ኢራራ ተመልሶ በዘመዱ ነዳጅ ማደያ ሊሠራ ሲያስብ፣ አሜሪካ የሚኖረው ሙዚቀኛ ዴቪድ ባይርን አንዱን የድሮ ሸክላውን ሪዮ ውስጥ በአጋጣሚ አግኝቶ ከሰማው በኋላ የሠራቸው አልበሞች ሁሉ የሁለተኛ ዕድሜ ሥራዎች ናቸው። የሙዚቀኞቹን የራሳቸውን ቃል መስማት ከፈለጉ፣ የሪዮው የምስልና የድምፅ ሙዚየም ከ1966 ጀምሮ አንጋፋ አርቲስቶችን እያስቀመጠ ሕይወታቸውን በሰፊው ሲያስተርካቸውና ሲቀርጻቸው ኖሯል፤ ፖርቱጋልኛ የሚያውቅ ወዳጅ ካለዎት አጠገብዎ ይቀመጥ።